የዶክቶራዎቹ ሹፌር

በቀትር ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና በሩ ሲከፈት ፊትን የሚመታ ሙቀት አለው። የጋለ ወንበር ሽታ ነው፤ የላስቲክ ቆዳ፣ የአቧራና የአሮጌ ስፖንጅ ሽታ። ባለፈው ሳምንት ከሆስፒታሉ ወጥቼ የመኪናዬን በር ስከፍት ያ ሽታ መታኝ። ወዲያው አልገባሁም፤ በሩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። አጠገቤ መኪናውን ያቆመ ሰው «ምነው፣ ደኅና ነሽ?» አለኝ። ደኅና ነበርኩ። የአባቴ ባስ ውስጥ ገብቼ ነው እንጂ።

አባቴ እዚህ ሪያድ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሹፌር ነበር። ያኔ በዚህ አገር ሴት መኪና አትነዳም። ከየአገሩ በኮንትራት የመጡት ሴት መምህራን ራውዳ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ሕንፃ ላይ ይኖራሉ። ጠዋት ከበራቸው አንስቶ የሴቶቹ ግቢ ማድረስ፣ ከሰዓት ደግሞ መልሶ ማምጣት የአባቴ ሥራ ነው። ቀጣሪው ግን ዩኒቨርሲቲው ሳይሆን ከዩኒቨርሲቲው ጋር የተዋዋለ አንድ የማመላለሻ ድርጅት ነበር። የእናቴም የእኔም ኢቃማ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ በአባቴ ስም ነው፤ የአባቴ ደግሞ በድርጅቱ። ይህን ልብ በይልኝ፤ የደረሰብን ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

እኔ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። እዚህ ላደጉ የውጭ አገር ልጆች የሚሰጥ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቼ ገባሁ። አባቴ ያን ቀን ባሱን አጥቦ፣ ጎማውን ሳይቀር አጥቦ፣ «ከእንግዲህ ከዶክቶራዎቹ ጋር ነው የምትሄጂው» አለኝ። ወሎዬ ነው፤ ሲደሰት ብዙ አይናገርም፤ ጢሙን ይነካካል።

መምህራኑ ስድስት ነበሩ። ሁሉንም «ዶክቶራ» ነው የምንላቸው፤ በዓረብኛ ሴት ዶክተር ማለት ነው። የሰዋስዋ፣ ማለት የዓረብኛ ሰዋስው መምህሯ፣ ከግብፅ የመጣች፣ አጭርና ቁጡ ሴት ናት፤ ሁልጊዜ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ ባሱ ሲሞቅም ሲበርድም በአባቴ ላይ ታማርራለች። የታሪኳ ስልክ ከጆሮዋ አይለይም። የሒሳቧ ባሱ ሳይንቀሳቀስ እንቅልፍ ይወስዳታል። የስታቲስቲክሷና የእንግሊዝኛዋ ጎን ለጎን ተቀምጠው ብርቱካን እየላጡ ይካፈላሉ። ከሁሉም ኋላ የምትቀመጠው የኬሚስትሪዋ ናት፤ ሱዳናዊት፣ ረጅም፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። በአጠገቤ ስታልፍ ከእጅዋ ሁለት ሽታ ይመጣል፤ አንዱ የሰንደል ነው፣ ሌላው የላቦራቶሪ።

መንገዱ ሲዘጋጋ ወሬ ይነሳል። አንድ ጠዋት ከተማው በአቧራ ተሸፍኖ ፀሐይዋ እንደ ብርቱካን ቀልታ ነበር። የኬሚስትሪዋ «ይኼ ቅላት ብረት ነው» አለች። የሰዋስዋ ዓረብኛ ለአቧራ ብቻ ስንት ስም እንዳለው መቁጠር ጀመረች። የታሪኳ ስልኳን ከጆሮዋ አንስታ ስንት የግመል ቅፍለት በእንዲህ ያለ ቀን ጠፍቶ እንደቀረ አወራች። የስታቲስቲክሷ «ስንት ነው ስንት? ቁጥር ስጪኝ እንጂ» አለቻት። አንድ አቧራ ነው፤ ባሳችን ውስጥ ግን አራት ትምህርት ሆነ። አባቴ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየኝ። እየሰማሽ ነው? ማለቱ ነበር።

ግቢው ውስጥ ወንድ አይገባም። የፊዚክሱ መምህር ወንድ ስለነበረ የሚያስተምረን በቴሌቪዥን ነው፤ እሱ ከወንዶቹ ግቢ ሆኖ ይናገራል፣ እኛ ትልቅ ክፍል ውስጥ ተደርድረን ስክሪን ላይ የሚጽፍ እጁን ብቻ እናያለን። ጥያቄ ያላት ግድግዳው ላይ ያለውን ስልክ ታነሳለች። ዓመቱን ሙሉ ያስተማረኝን ሰው መንገድ ላይ ባገኘው በእጁና በሳሉ ካልሆነ አላውቀውም። ለዚህም ሳይሆን አይቀርም የባሳችን ዶክቶራዎች ለእኔ ከመምህርም በላይ የሆኑት። እነሱን ሲያዛጉ አይቻቸዋለሁ።

የመጨረሻው ፈተና ሲቃረብ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ከድልድይ ስንወርድ ነው ነገሩ የጀመረው። የምቀመጠው ከአባቴ ኋላ ስለሆነ የማየው ማጅራቱን ነው። ፍሬን ሊይዝ እግሩን ሲጭን ጉልበቱ እስከ መጨረሻው ወረደ። ባሱ ግን አልቀነሰም። የማጅራቱ ሥር ሲገተር አየሁ።  ማርሹን ወደ ታች ሲመልሰው ሞተሩ አጓራ። ከፊታችን የቆሙት መኪኖች ቀይ መብራት እየቀረበ፣ እየሰፋ መጣ። የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ እየሳበ ባሱን ወደ ዳር አስጠጋ፤ ጎማው ከመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ጋር ተፋተገ፤ ወንበሮቹ ተንጫጩ፤ ያልተላጠ ብርቱካን ከኋላ ተንከባሎ መጥቶ እግሬን መታኝ። ከፊታችን ካለው መኪና ጋር ሊነካካ ትንሽ ሲቀረው ቆመ።

«ልትገድለን ነው እንዴ ሰውዬ!» ብላ ጮኸች የሰዋስዋ።

የኬሚስትሪዋ ከኋላ ተነስታ መጣች። አባቴ መሪውን አልለቀቀም። ከቦርሳዋ የውኃ ጠርሙስ አውጥታ ከፍታ ሰጠችው። «ጠጣ ያ ዐም» አለችው፤ አጎቴ ማለቷ ነው። «አዳንከን እኮ። ጠጣ።»

ከሰዓት በኋላ አባቴ ባሱን አስጎትቶ ለድርጅቱ አለቃ አስረከበ። ማክሰኞ ጠዋት ሊረከብ ሲሄድ ፍሬኑ አልተነካም። ዘይት ብቻ ጨምረውበታል። አለቃው «ያላ፣ ንዳ፣ ሴቶቹ እየጠበቁ ነው» አለው። አባቴ «ፍሬኑ ሳይሠራ ሰው አልጭንም» አለ። አለቃው «እንግዲያው ኸላስ፣ በቃ፣ ሌላ የሚነዳ አላጣም» አለና ቁልፉን ተቀበለው። አባቴ ቤት ገብቶ ለእናቴ የነገራት ይህንኑ ነው። «አብሽሪ፣ አይዞሽ፤ አንድ ሁለት ቀን ነው፤ ይሠሩትና ይጠሩኛል» አላት። እናቴ ምሳውን አቀረበች። እሷ ሰው ዝም ሲል ነገር እንዳለ የምታውቅ ሴት ናት፤ ድርጅቱ ደግሞ ዝም ብሎ ነበር።

ረቡዕ የፈተና መግቢያ ካርድ ልወስድ ወደ ተማሪዎች ጉዳይ መስኮት ሄድኩ። ሠራተኛዋ ቁጥሬን አስገብታ ስክሪኑን አየች፤ ደግማ አስገባች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባትሽ የት ነው ያለው?» አለችኝ።

«ቤት።»

«ሁሩብ ተመዝግቦበታል።»

ሁሩብ የምትለውን ቃል እዚህ የሚኖር ሐበሻ ሁሉ ያውቃታል። ሠራተኛው ከአሠሪው ጠፍቷል፣ ኮብልሏል ብሎ አሠሪው የሚያስመዘግበው ክስ ነው። ከተመዘገበ ኢቃማው ይታገዳል። መንገድ ላይ ከተገኘ ይያዛል፣ ወደ አገሩ ይሸኛል። የእሱ ሲታገድ የእናቴና የእኔም ታግዷል፤ ኢቃማ የሌላት ተማሪ ደግሞ ፈተና አትገባም።

«ከእሁድ ጀምሮ ሥራ ላይ አልተገኘም ይላል» አለችኝ።

«እሁድ? እሁድም ሰኞም እኮ እሱ ነው ያመጣኝ! ከኋላው ነበርኩ!»

«እህቴ፣ እኔ የማየው ይህን ነው» አለችና ስክሪኑን በጣቷ ነካች። ከኋላዬ ልጆች ተሰልፈዋል። ቦታ ለቅቄላቸው ወጣሁ።

እግሬ የወሰደኝ ወደ ኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ነው። የኬሚስትሪዋ ብቻዋን ሆና የታጠቡ ብርጭቆዎችን በጨርቅ እያደረቀች ትደረድራለች። ነገሩን ስነግራት እጅዋ አልቆመም፤ እየሰማች ታደርቃለች።

«ሸሸ የተባለው ማን ነው? ሰኞ ያተረፈን ሰውዬ?»

«አዎ ዶክቶራ።»

«እሁድ ማን ነው ያመጣን?»

«እሱ ነው።»

«እንግዲያው ሐሰት ነው» አለች፤ መልስ እንደተገኘለት ጥያቄ። ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ክሱ የሚሰማው የት ነው? መቼ?»

መክተብ አመል እንደሚባል፣ የሥራ ጉዳይ ቢሮ እንደሆነ፣ አባቴ እሁድ ጠዋት ቀርቦ መከራከር እንደሚችል ነገርኳት። ይህን መስኮቷ ላይ ያለችው ሠራተኛ ናት ስወጣ ተከትላ የነገረችኝ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝና «ግን እኮ የእናንተም ኮንትራት…» ብዬ ጀመርኩ። ዩኒቨርሲቲው የውጭ መምህራንን ኮንትራት የሚያድሰው በዚያው ወቅት ነበር።

«እሱን ለእኔ ተይው፣ ያ ቢቲ» አለችኝ። በሱዳንኛ ልጄ ማለት ነው። «አንቺ ቤትሽ ሂጂና ምዕራፍ አምስትን አንብቢ። እዚያ ላይ ደካማ ነሽ።»

በማግሥቱ ባስ ውስጥ ለሌሎቹ ነግራቸዋለች። እኔ አልነበርኩም፤ አዲሱ ሹፌር ተማሪ አይጭንም። በኋላ እንዳወራችኝ፣ «እሁድ ጠዋት ሄደን ያየነውን እንናገር» ስትል ባሱ ውስጥ ጭር አለ። የታሪኳ «ልጆቼ እዚህ ነው የሚማሩት» አለች። የስታቲስቲክሷ ብርቱካኗን ይዛ መስኮት መስኮቱን አየች። የሒሳቧ ያን ቀን አልተኛችም፤ ግን አልተናገረችም። አልፈርድባቸውም። እነሱም የሰው አገር ሰዎች ናቸው፤ እነሱም በወረቀት ነው የቆሙት። ዝምታው ሲረዝም ከፊተኛው ወንበር፣ ፊቷን እንኳ ሳታዞር፣ የሰዋስዋ «በስንት ሰዓት ነው የምንሄደው?» አለች።

ቤታችን ሺፋ ሰፈር ነበር፤ ሁለት ክፍል። እስከ እሁድ ድረስ እዚያ ተዘግተን ተቀመጥን። እናቴ መጋረጃውን ሁሉ ዘጋችው፤ ቀኑ ቤት ውስጥ ቢጫ ሆኖ ዋለ። በር አጠገብ አንዲት ቦርሳ አዘጋጀች። የአባቴ ልብስና የስኳር መድኃኒቱ ነው ያለበት፤ ድንገት ከያዙት እንዳይቸገር ብላ። ያቺን ቦርሳ ማንም ስሟን አይጠራም፤ ስናልፍ ግን እንዳንነካት እግራችንን እንሰበስባለን። ከታች ፎቅ የሚኖረው ሐበሻ ስልክ ይደውላል፦ «ወንድሜ፣ እንዳትወጣ፤ ዛሬ ተፍቲሽ አለ።» ፍተሻ አለ ማለቱ ነው። ዓርብ አዛኑ ከሦስት መስጊድ ሲጠራ አባቴ ከተቀመጠበት አልተነሳም። ጁምዓ ሲቀርበት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው። እቤት ሰገደ፤ ከሰገደም በኋላ ምንጣፉ ላይ ቆየ።

ቅዳሜ ቀትር ላይ በር ተንኳኳ። አባቴ መታጠቢያ ቤት ገባ። እናቴ በእጅዋ ዝም በይ አለችኝ። እንደገና ተንኳኳ፤ በርትቶ። ማቀዝቀዣው ይንጫጫል። ከዚያ ከበሩ ማዶ «ሞያ!» አለ አንድ ሰው፤ ውኃ ማለቱ ነው፤ ውኃ አመላላሹ ነበር። እናቴ በሩን ገርበብ አድርጋ ጀሪካኑን ተቀበለችው። ዘግታ ስትዞር እዚያው ተቀመጠች። አባቴ ከመታጠቢያ ቤት ሲወጣ ሦስታችንም አልተያየንም። «ወጥቼ እጄን ብሰጥ ይሻላል» አለ። «ለእናንተም ዕረፍት ነው።»

«ቁጭ በል!» አለችው እናቴ። በሕይወቴ አባቴን ስትቆጣው የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አንቺ አንብቢ» አለችኝ። መጽሐፉ ጭኔ ላይ ነበር፤ ምዕራፍ አምስት፣ ገጹ ያው አንድ ገጽ።

እሁድ ጠዋት የታችኛው ጎረቤታችን በራሱ መኪና ወሰደን። እናቴና እኔ ከኋላ፣ አባቴ በመሃላችን። ቤተሰብ የተቀመጠበትን መኪና ብዙም አይመረምሩም ተብሎ ነው። ግን ወደ ዋናው መንገድ ሳንገባ ኬላ ገጠመን። መኪኖቹ አንድ በአንድ ይጠጋሉ። ወታደሩ ጎንበስ ብሎ የጎረቤታችንን ኢቃማ አየ። ከዚያ ወደ ኋላ ተመለከተ። የአባቴ ጭን ከጭኔ ጋር ተነካክቶ ስለነበር ሲጠነክር ተሰማኝ። «ቤተሰብ ነው?» አለ ወታደሩ። «ቤተሰብ ነው» አለ ጎረቤታችን። ወታደሩ እናቴን አየ፤ እናቴም ዓይኗን ሳትሰብር አየችው። «ሂድ» አለው። መኪናችን ተንቀሳቀሰ።

ቢሮው በጣም ይቀዘቅዛል፤ አዲስ ቀለም ይሸታል። የድርጅቱ አለቃ ቀድሞን ደርሶ ከጸሐፊው ጋር እየተሳሳቀ ነው። እኛ ጥግ ተቀመጥን። ዶክቶራዎቹ አልመጡም። በር በተከፈተ ቁጥር ቀና እላለሁ፤ ሌላ ሰው ነው። የአባቴ ተራ ተጠራ። ሹሙ መነጽር ያደረገ ወጣት ነው፤ ክሱን አነበበ። አለቃው ካለፈው እሁድ ጀምሮ ሰውየው ጠፍቷል፣ ስልክም አያነሳም አለ። አባቴ «እሁድና ሰኞ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ማክሰኞ ፍሬኑ ስላልተሠራ አልነዳም አልኩ» አለ። ዓረብኛው ጥሩ ነው፤ ያን ቀን ግን ቃላቱ ተሰባበሩበት።

«ምስክር አለህ?»

«ያመላለስኳቸው መምህራን አሉ።»

«የት አሉ?»

አባቴ ወደ በሩ አየ። ሹሙም አየ። ባዶ ነው። አለቃው ትከሻውን ነቀነቀ። ሹሙ እስክሪብቶውን አንስቶ ሊጽፍ ሲል ከኮሪደሩ የተረከዝ ድምፅ ሰማሁ፤ አጭር፣ ቁጡ፣ ፈጣን። ያን ድምፅ ዓመቱን ሙሉ ባስ ደረጃ ላይ ሰምቼዋለሁ። የሰዋስዋ ገባች፤ ከኋላዋ የኬሚስትሪዋ፣ በሩን ጎንበስ ብላ የምታልፍ እስኪመስል ረጅም።

«ታክሲው አሳሳተን» አለች የሰዋስዋ፤ እንደ ጥፋተኛ ሳይሆን እንደ ከሳሽ።

የኬሚስትሪዋ ቀስ ብላ ተናገረች። ባለፈው እሁድ ጠዋት ለተማሪዎቿ የምትሰጠው ፈተና እንደነበራት፣ ይኸው ሰው ከበሯ አንስቶ እንዳደረሳት፣ ሰኞም ፍሬን ሲጠፋ መሪው ላይ የነበረው እሱ እንደሆነ። ሹሙ በትሕትና «ዶክቶራ፣ ቀኑ እንዳይሳሳትዎት» አላት።

«ልጄ» አለችው፣ «እኔ መለካት ነው ሥራዬ።»

የሰዋስዋ ክሱን ከጠረጴዛው ላይ ሳታስፈቅድ አንስታ አነበበች። «ሸሸ ይላል» አለች። «ሸሸ ግሥ ነው። ግሥ ባለቤት ይፈልጋል። ባለቤቱ ያን ጠዋት ከፊቴ ተቀምጦ መሪ ይዞ ነበር። እኔም ማቀዝቀዣው አይሠራም እያልኩ እጮህበት ነበር። በሸሸ ሰው ላይ እንዴት ይጮኻል?»

ሹሙ ፈገግታውን በእጁ ሸፈነ። አለቃው ግን አልሳቀም። ሹሙ ለመጻፍ ሲያጎነብስ አለቃው ወደ ኬሚስትሪዋ ጠጋ ብሎ «ዶክቶራ፣ ኮንትራት የሚታደስበት ጊዜ ነው፤ ራስዎን ባያደክሙ» አላት፤ በለሰለሰ ድምፅ። ከኋላቸው ስለነበርኩ ሰማሁት።

«ሰምቻለሁ» አለችው። ፊቷን ወደ ሹሙ መለሰች።

ክሱ ተነሳ። ሹሙ ለአባቴ ሌላ ከፊል፣ ማለት ኢቃማውን በስሙ የሚይዝለት አሠሪ፣ ፈልጎ እንዲዛወር ፈቀደለት፤ ከዚያ ድርጅት ጋር ከእንግዲህ እንደማይሆንለት ሁላችንም ገብቶናል። እናቴ የሰዋስዋን እጅ ልትስም ስትል ዶክቶራዋ እጅዋን ነጠቀች። «ተይ፣ ተይ!» አለች፤ ከዚያ በእኔ ላይ አፈጠጠች። «ነገ ፈተና የላትም እንዴ ይቺ? እዚህ ምን ትሠራለች?»

በነጋታው የኬሚስትሪ ፈተና ተቀመጥኩ። ወረቀቱን ገለበጥኩት። ያየሁት የወታደሩን ፊት ነው፣ በር አጠገብ ያለችውን ቦርሳ ነው። ቀመሮቹ ሁሉ ጠፉብኝ። ሌሎቹን ትምህርቶች እንደምንም አለፍኩ። ኬሚስትሪ ወደቅሁ። በኬሚስትሪ ከወደቅሁ ደግሞ ነፃ ዕድሉ ይሰረዛል።

ቢሮዋ ሄድኩ። ልትረዳኝ እንደምትችል እርግጠኛ ነበርኩ፤ ለአባቴ ያን ያህል ያደረገች ሴት! «ያን ሳምንት እንዴት እንደነበርን እርስዎ ያውቃሉ» አልኳት።  ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ግማሽ ፊቷ ላይ ነበር።

«አውቃለሁ» አለች። «ለአባትሽ የመሰከርኩት እውነት ስለነበረ ነው። ይኼም ውጤት እውነት ነው። ይኼን ብዋሽ ያኛው ምስክርነቴ ምን ሊባል ነው?»

አለቀስኩ፤ ተናድጄም ነበር። መሃረብ አቀበለችኝና እስክጨርስ ጠበቀችኝ። «ድጋሚ ፈተና አለ» አለችኝ። «ከነገ ጀምሮ ቤቴ ነይ።»

ቤቷ ስሄድ ሳሎኑ በካርቶን ተሞልቷል። መጻሕፍት፣ ሳህን፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ብርጭቆ። «ቤት ሊቀይሩ ነው?» አልኳት።

«ኮንትራቴ አልታደሰም።»

ምክንያቱን ማንም አልጻፈላትም፤ እሷም አልጠየቀችም። የሰዋስዋ ታድሶላታል፤ ለምን ለአንዷ ሆኖ ለሌላዋ እንዳልሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ እዚያው ካርቶኖቹ መሃል ቆሜ ቀረሁ። «ቁጭ በይ» አለችኝ። «ምዕራፍ አምስት።»

በዚያ ጠረጴዛ ላይ የተማርኩትን ያህል በሕይወቴ የትም አልተማርኩም። ከርከዴ፣ ያን ቀይ የአበባ ሻይ፣ አፍልታ በሁለት ብርጭቆ ቀዳች። በአንዱ ሎሚ ጨመቀች፤ ደማቅ ቀይ ሆነ። በሌላው የመጋገሪያ ሶዳ በተነች፤ ተንጫጫና ወደ ሰማያዊ ዞረ። «አሲድና ቤዝ ይኸው ነው። አሁን ለምን እንደሆነ አንቺ ንገሪኝ» አለች። ስሳሳት አትቆጣም፤ ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፋ ታደርግና «እንደገና እዪው» ትለኛለች። አንዳንድ ቀን ካርቶን እያሰረች ታስጠናኛለች፤ ጥያቄውን ጠይቃኝ ማሸጊያውን በጥርሷ ትቆርጣለች። ስለ መሄዷ አንድም ቀን አላወራንም።

አሁን እኔ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ይኸው እንደምታዪኝ። እናትና አባቴ ኮምቦልቻ ገብተዋል። የሰዋስዋ ጡረታ ወጥታ አገሯ ናት፤ በየበዓሉ መልእክት ብልክላት ስሕተቴን አርማ ትመልስልኛለች። የኬሚስትሪዋ ስልክ ግን አገሯ ጦርነት ከገባ ወዲህ አይጠራም። የማውቃቸውን ሱዳናውያን ሁሉ ጠይቄያለሁ። አንዷ ወደ ሰሜን ሄዳለች አለችኝ፤ ሌላው ከቤቷ አልወጣችም አለኝ። አሁንም አንዳንድ ዓርብ እደውላለሁ።

ያኔ የኬሚስትሪዋ የምትሄድበት ቀን ከድጋሚ ፈተናዬ ጋር አንድ ጠዋት ላይ ዋለ። ልቅር አልኳት፤ «ለእኔ ብለሽ ፈተና ብትቀሪ አልሰናበትሽም» አለችኝ። አባቴ ያኔ ዲራ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ለሚሸጥ ነጋዴ ዕቃ ማመላለስ ጀምሮ ነበር። አዲሱ ከፊሉ ደግ ሰው ነው፤ መኪናውን አዋሰው። እኔን መጀመሪያ ግቢው በር ላይ አወረደኝ። እሷ ከኋላ ነበረች፤ በመስኮቱ እጅዋን አውጥታ እጄን ያዘችኝ። ያን ቀን እጅዋ የሚሸተው ሰንደል ብቻ ነበር። «ሂጂ» አለችኝ፤ ሄድኩ።

ከፈተናው ስወጣ ፀሐዩ ጠንክሯል። አባቴ ከኤርፖርት ተመልሶ መንገድ ዳር ጥላ ፈልጎ ቆሟል። የኋላው ወንበር ባዶ ነው። ገባሁና በሩን ዘጋሁ። አባቴ ሞተሩን አላስነሳም።

«ሄደች?» አልኩት።

«ሄደች።»

«ምን አለች?»

ጢሙን ነካካ።  «ስትወጣ አለፍሽ ወይ ብለህ አትጠይቃት አለችኝ። ምን ጠየቁሽ በላት፤ የጠየቁሽን አንድ በአንድ ንገሪኝ በላት፤ አለችኝ።» ወደ እኔ ዞረ። «እሺ፣ ምን ጠየቁሽ?»

አባቴ ኬሚስትሪ የሚባል ነገር አያውቅም። ቢሆንም ነገርኩት። ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀምሬ ለምን ቀይ እንደሚሆን፣ ለምን ሰማያዊ እንደሚሆን፣ ምን እንደመለስኩ ነገርኩት። እስከ ሺፋ ድረስ መንገዱን ሁሉ ዝግ ብሎ እየነዳ ሰማኝ። ባቆምኩ ቁጥር፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ «እሺ፣ ከዚያስ?» ይለኛል።